መንገደኛን ማን ይቀበለዋል? የ“ትራቨለርስ ኤይድ” ታሪክ

በዚህ ዕትም የአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ታሪክ ይዘንላችሁ ቀርበናል። ይህ ድርጅት የታወቀው ትምህርት ቤት በመክፈት ወይም ጉድጓድ በመቆፈር አይደለም። ዋና ሥራው ከባቡር፣ ከመርከብ፣ በኋላም ከአውሮፕላን የሚወርደውንና የሚያውቀው ሰው የሌለውን መንገደኛ መቀበል ነው። በእንግሊዝኛ “ትራቨለርስ ኤይድ” ይባላል። እኛ “የመንገደኞች ዕርዳታ” ብንለው ያስኬዳል። የተነሣው አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ዕድሜውም ከ170 ዓመት በላይ ሆኗል።

ይህን ርዕስ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። አስተማሪም ሆንን ተማሪ፣ አብዛኞቻችን ማንንም በማናውቅበት ቦታ ከመኪና ወርደን “አሁን ወዴት ነው የሚኬደው?” ብለን የቆምንበት ቀን አለ። ከመካከላችንም ነገ ሌላ መንገድ የሚጀምር አይጠፋም። ስለዚህ ሌሎች ሰዎች መንገደኛን ለመርዳት ሲሞክሩ ምን እንደ ተማሩ ማወቁ ይጠቅመናል። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የአንድ ከንቲባ ኑዛዜ

ታሪኩ የሚጀምረው ሴንት ሉዊስ በምትባል ከተማ ነው። ሴንት ሉዊስ የምትገኘው በአሜሪካ መካከል፣ በታላቁ የሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ነው። ካርታ ያላችሁ አስተማሪዎች ለተማሪዎቻችሁ አሳዩአቸው። በ1840ዎቹ መጨረሻ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ በዚህች ከተማ ያልፍ ነበር። ከአየርላንድ ረሃብ ያባረራቸው፣ ከጀርመን ኑሮና ፖለቲካ ያስመረራቸው፣ በ1848 ካሊፎርኒያ ወርቅ ተገኘ ሲባል ሰምተው የተነሡ፣ ሁሉም እዚያ ይደርሳሉ። ከእንፋሎት መርከብ ወርደው ስንቅ ይሸምታሉ፣ በሬና ጋሪ ይገዛሉ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ።

ግን ሁሉም አልቀጠለም። ገንዘቡ መንገድ ላይ ያለቀበት አለ፣ የታመመበት አለ፣ የተዘረፈም አለ። በተለይ 1849 ክፉ ዓመት ነበር። በዚያው ዓመት ኮሌራ ገብቶ ከ4 ሺህ በላይ የከተማው ነዋሪዎች አለቁ። በግንቦት ደግሞ ከአንድ መርከብ የተነሣ እሳት 23 መርከቦችንና ከ400 በላይ ሕንፃዎችን አቃጠለ። የከተማው ሰው ለራሱ ሳይበቃ፣ አላፊ አግዳሚውን ማን ያስበው?

አንድ ሰው አሰበው። ብራያን ሙላንፊ ይባላል። አባቱ ከአየርላንድ መጥቶ የከበረ ነጋዴ ነበር። እሱ ዳኛ ሆኖ ሠርቷል፣ በ1847 እና በ1848 ደግሞ የከተማዋ ከንቲባ ነበር። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። በዚያው በመከራው ዓመት፣ በ1849፣ ኑዛዜ ጻፈ። ከሀብቱ አንድ ሦስተኛውን ለከተማዋ አደራ ሰጠ። ገንዘቡ የሚውለውም ወደ ምዕራብ ለመስፈር ሲጓዙ ሴንት ሉዊስ ለሚደርሱ ድሆች ስደተኞችና መንገደኞች እንዲሆን አዘዘ። በ1851 ሞተ። “ትራቨለርስ ኤይድ” የራሱን ታሪክ የሚቆጥረው ከዚህ ዓመት ነው።

ነገሩ ግን በቀላሉ አላለቀም። ዘመዶች ኑዛዜውን ተቃውመው ፍርድ ቤት ሄዱ። የሚዙሪ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኑዛዜው ይጽና ብሎ የወሰነው በ1860 ነው። ለመንገደኞች ማረፊያ የሚሆን ቤት የተሠራውም በ1867 ነበር። ሰውየው ከሞተ 16 ዓመት አለፈው ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1869፣ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር የሚያገናኘው የባቡር መስመር ተጠናቀቀ። በሬና ጋሪ የሚገዛው መንገደኛ እየቀነሰ፣ በባቡር የሚያልፈው እየበዛ ሄደ። የመንገደኛው ችግር አልጠፋም፤ ቦታ ነው የቀየረው። ከወንዙ ዳር ወደ ባቡር ጣቢያ ተዛወረ።

ጣቢያ ላይ ቀድሞ የሚጠብቀው ማን ነው?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአውሮፓም በአሜሪካም ከገጠር ወደ ከተማ የሚፈልሰው ሕዝብ በዛ። ከነዚህ መካከል ብዙዎቹ በሰው ቤት ለመቀጠር የሚሄዱ ወጣት ሴቶች ነበሩ። አንዲት የ16 ወይም የ17 ዓመት ልጅ አድራሻ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይዛ ከባቡር ትወርዳለች። ከተማውን አታውቀውም። ዙሪያዋን ስትመለከት አንድ ፊቱ የሚያምር ሰው ወይም አንዲት ደግ የምትመስል ሴትዮ ጠጋ ይሏታል። “ሥራ ነው የምትፈልጊው? ነይ፣ እኔ አውቃለሁ። ሻንጣሽን ልያዝልሽ” ይሏታል። ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተም ትገምቱታላችሁ። ብዙ ልጆች በዚህ መንገድ ወደ ሴተኛ አዳሪነት ተሸጠዋል፣ ያለ ደመወዝም ተይዘዋል። የእኛ ሰው ይህን ዓይነቱን ሰው “ደላላ” ይለዋል። በየአገሩ ስሙ ይለያያል እንጂ ሥራው አንድ ነው።

እንግዲህ በጎ አድራጊዎቹ አንድ ቀላል ነገር ገባቸው። ደላላው የሚያሸንፈው ብልህ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ቀድሞ ስለሚገኝ ነው። መንገደኛው በወረደበት ደቂቃ እዚያው ቆሟል። እሱን ለማሸነፍ መልካም ሰው ከእሱ ቀድሞ እዚያ መቆም አለበት።

በእንግሊዝ በ1885 ጣቢያዎችና ወደቦች ላይ ሴት መንገደኞችን የሚቀበል ማኅበር ተቋቋመ። በጀርመን ደግሞ በ1894 በርሊን ውስጥ የመጀመሪያው የባቡር ጣቢያ ተልእኮ ተጀመረ፤ ጀርመኖች “ባንሆፍስሚስዮን” ይሉታል። ከ1939 ጀምሮ የናዚ መንግሥት ቢያግደውም ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ ዛሬም በመቶ በሚጠጉ ጣቢያዎች ይሠራል። በ2015 በርካታ ስደተኞች ጀርመን ሲገቡ፣ ብዙዎቹን ጣቢያ ላይ ውኃና ዳቦ ይዘው ከተቀበሏቸው መካከል የዚሁ ተልእኮ ሰዎች ነበሩበት። መንግሥታትም ቢሆኑ ነገሩን አልካዱም። በ1904 ፓሪስ ላይ የተፈረመው ሴቶችን ለዝሙት መነገድን የሚከለክል ስምምነት፣ ፈራሚዎቹ አገሮች ባቡር ጣቢያዎችንና ወደቦችን እንዲያስጠብቁ ያዛል።

“ነጭ ጽጌረዳ”

አሜሪካ ውስጥ ግን የሚከፈተው በር ለሁሉም እኩል አልነበረም። ከደቡብ ግዛቶች ወደ ኒውዮርክ የሚመጡ ጥቁር ልጃገረዶች ነበሩ። የሥራ ወኪል ነን የሚሉ ሰዎች ደቡብ ድረስ ሄደው በተስፋ ያታልሏቸዋል። የመርከብ ዋጋ እንከፍላለን ብለው በዕዳ ይይዟቸዋል። የዘር ልዩነት በነበረበት በዚያ ዘመን ለነጮች የተከፈተው ማረፊያ ብዙውን ጊዜ ለእነሱ ዝግ ነው።

በዚህ ጊዜ ቪክቶሪያ ኧርል ማቲውስ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ተነሣች። በ1861 ጆርጂያ ውስጥ በባርነት ነው የተወለደችው፤ በኋላ ጋዜጠኛና ደራሲ ሆነች። በ1897 በኒውዮርክ “ነጭ ጽጌረዳ” የተባለ ተልእኮ መሠረተች። የተልእኮው ሰዎች ወደብ ወርደው መርከቡን ይጠብቃሉ። ልጆቹን ተቀብለው ወደ ቤቱ ይወስዷቸዋል። እዚያ መኝታ አለ፣ የእጅ ሥራ ትምህርት አለ፣ መጻሕፍትም አሉ። ማቲውስ በ1907 ብትሞትም ሥራዋ ቀጠለ።

ይህን የምንነግራችሁ ለምንድነው? ዕርዳታ ያልደረሰው ሕዝብ ሌላው እስኪያስብለት ቁጭ ብሎ ያልጠበቀበት አንድ ምሳሌ ስለሆነ ነው። መንገዱን ያየ ሰው ለሚቀጥለው መንገደኛ የተሻለ አቀባበል ማድረግ ይችላል።

የግሬስ ዶጅ ሐሳብ

በዚያው ኒውዮርክ ኤሊስ ደሴት የሚባል የስደተኞች መግቢያ ነበር። በ1907 ብቻ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በዚያ አልፏል። ከተማው ውስጥ መንገደኛን የሚረዱ ማኅበራት ነበሩ፤ ግን እያንዳንዱ ለየራሱ ነው የሚሠራው። ፕሮቴስታንቱ የራሱን ሰው ይፈልጋል፣ ካቶሊኩ የራሱን፣ አይሁዱም የራሱን። የማንም ያልሆነው በመካከል ይቀራል።

ግሬስ ሆድሊ ዶጅ የተባለች ከሀብታም ቤተሰብ የተወለደች ሴት ከ1905 ጀምሮ እነዚህን ወገኖች ወደ አንድ ጠረጴዛ አመጣች። በ1907 የኒውዮርክ የመንገደኞች ዕርዳታ ማኅበር ተደራጀ። መመሪያው አጭር ነው፦ ሃይማኖትህ ምንድነው፣ ዘርህ ከየት ነው ተብሎ ሳይሆን “ምን ቸገረህ?” ተብሎ ይጠየቅ። ሁልጊዜና በሁሉም ከተማ ይህ ተፈጽሟል ማለት አይደለም፤ በተለይ በደቡብ ግዛቶች የዘር መድልዎው ብዙ ዘመን ቆይቷል። መመሪያው ግን ተቀምጧል። ዶጅ በ1914 ሞተች። በ1917 ደግሞ በየከተማው የነበሩት ማኅበራት በአንድ ብሔራዊ ማኅበር ሥር ተሰበሰቡ።

ሥራው እንዴት ነበር የሚሠራው?

እስቲ አንድ ቀን ጣቢያ ላይ ያለውን ሥራ እንመልከት።

አንደኛ፣ ሠራተኛዋ ምልክት አላት። ደረቷ ላይ ባጅ ታደርጋለች፤ ጠረጴዛዋም ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ነው። በጓሮ በር አትሠራም።

ሁለተኛ፣ ትጠይቃለች። ስምህ ማን ነው? ከየት መጣህ? ወዴት ትሄዳለህ? እዚያ የሚጠብቅህ ማን ነው? መንገደኛው ቋንቋዋን የማያውቅ ከሆነ የሚያስተረጉም ሰው ይፈለጋል።

ሦስተኛ፣ ታጣራለች። በወረቀቱ የተጻፈው አድራሻ እውነተኛ ነው? የተባለው አጎት እዚያ ይኖራል? የተባለው ሥራስ አለ? ይህ ሳይታወቅ ሰው ወደማይታወቅ ቤት አይላክም።

አራተኛ፣ ለቀጣዩ ከተማ መልእክት ትልካለች። ቴሌግራም ወይም ደብዳቤ ይጻፍና እዚያ ያለችው ባልደረባዋ ጣቢያ ወጥታ መንገደኛውን ትቀበላለች። ከእጅ ወደ እጅ፣ እንደ ሰንሰለት ማለት ነው። እንዲህ ሆኖ ብቻውን የሚጓዝ ሕፃን እንኳ በየጣቢያው የሚጠብቀው ሰው ነበረው።

አምስተኛ፣ ትመዘግባለች። ነገ ወንድሙ መጥቶ “እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?” ብሎ ቢጠይቅ መልስ እንዲኖር።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። የሚፈልገው በሰዓቱ መገኘትና ነገርን እስከ መጨረሻው መከታተል ነው።

ቲኬት ብቻውን ዕርዳታ አይደለም

አሁን ወደ አንድ አስቸጋሪ ነጥብ እንምጣ። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የድሃ ዕርዳታ የሚሰጠው በየአካባቢው ነበር። አንድ ሰው ለመረዳት የዚያ ቦታ ነዋሪ መሆኑን ማስረዳት አለበት፤ ብዙ ጊዜም አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ እንደ ኖረ ይጠየቃል። ታዲያ መንገደኛ የየት ነዋሪ ነው? ከወጣበት ወጥቷል፣ ወደሚሄድበት አልደረሰም። “የኛ አይደለህም” የሚለው ቢሮ ሁሉ በሕግ ትክክል ነው፤ ሰውየው ግን ጾሙን ያድራል። ይህ ነገር ለብዙዎቻችን አዲስ አይደለም።

የከተማ ሹማምንትም አንድ ዘዴ ነበራቸው። ችግረኛ መንገደኛ ሲመጣባቸው ርካሽ ቲኬት ገዝተው ወደሚቀጥለው ከተማ ይሸኙታል። ያኛውም ከተማ እንዲሁ ያደርጋል። ሰውየው ከከተማ ከተማ ሲንከራተት ይከርማል። በወረቀት ላይ ሲታይ ግን “ተረድቷል” ነው የሚባለው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ይህ ልማድ እንዲቀር ተስማሙ። ደንባቸው እንዲህ የሚል ነበር፦ ለማንም ሰው ቲኬት ከመግዛታችን በፊት በመድረሻው የሚቀበለው፣ የሚያኖረው ወይም ሥራ የሚሰጠው መኖሩን እናጣራለን። “ትራቨለርስ ኤይድ”ም የሚሠራው በዚህ ነበር። አንዳንድ ሰው “ቲኬቱን ስጡኝ እንጂ ምን አገባችሁ?” ብሎ መቆጣቱ አይቀርም። ይገባናል፤ ለተቸገረ ሰው ጥያቄ መብዛቱ ያስመርራል። ግን ሰውን መሸኘት እና ሰውን ማስወገድ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። የሚለያቸው በወዲያኛው ጫፍ የሚጠብቅ ሰው መኖሩ ነው።

ሕጉም ቢሆን ቀስ ብሎ ተለወጠ። በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ ሥራ አጥቶ የሚንከራተተው ሰው ስለበዛ፣ ከ1933 እስከ 1935 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የትም ነዋሪ ላልሆኑ መንገደኞች የተለየ ዕርዳታ አቋቁሞ ነበር። በ1969 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ለድሆች ዕርዳታ አንድ ዓመት መኖር ግዴታ ነው የሚሉ ሕጎች ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫሉ ብሎ ወሰነ።

ከጦርነቱ ወዲህ

በ1941፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ስድስት ድርጅቶች ተባብረው ወታደሮችን የሚያግዝ ዩኤስኦ የተባለ ኅብረት አቋቋሙ። አንዱ “ትራቨለርስ ኤይድ” ነበር። ጣቢያዎቹ በወታደሮችና ባሎቻቸውን ተከትለው በሚጓዙ ሴቶች ተጨናንቀው ነበርና፣ የድርጅቱ ልምድ ተፈላጊ ሆነ።

የቤተሰብ ጉዳይ ድንበር ሲሻገር ደግሞ ለዚያ የሚሆን ሌላ ድርጅት ተወልዷል። በ1924 “ዓለም አቀፍ የፍልሰት አገልግሎት” ተብሎ የተቋቋመው፣ በኋላ “ዓለም አቀፍ ማኅበራዊ አገልግሎት” የተባለው ነው። አባት በአንድ አገር፣ ልጅ በሌላ አገር ሲቀሩ የሁለቱን አገሮች ሠራተኞች ያገናኛል። በእኛ አካባቢ ይህን መሰል ሥራ ይበልጥ የምናውቀው ከቀይ መስቀል ነው። በካኩማም በዳዳብም በቀይ መስቀል መልእክት ዘመዱን ያገኘ ስንት ሰው አለ!

አውሮፕላን ባቡርን ሲተካ “ትራቨለርስ ኤይድ”ም ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ገባ። ዛሬ አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ብዙዎቹም ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው። ከአዲስ አበባ የሚነሣው አውሮፕላን በሚያርፍበት በዋሽንግተን ደለስ ማረፊያም የድርጅቱ በጎ ፈቃደኞች ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። በመልሶ ማስፈር የሄዱ ወገኖቻችን ደግሞ የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ምልክት ያለበትን ነጭ የፕላስቲክ ቦርሳ ይዘው ይጓዙ እንደነበር ታውቃላችሁ። ያ ቦርሳ ለወረቀት መያዣ ብቻ አልነበረም። የሚቀበለው ሰው መንገደኛውን ከሩቅ እንዲለየው ነው። የድሮዋ ሠራተኛ ባጅ በመንገደኛው እጅ ገባ እንደ ማለት ነው። አሜሪካ በጥር 2025 የመልሶ ማስፈር ፕሮግራሟን ካገደች ወዲህ ያ መንገድ በጣም ጠቧል። መንገዱ ሲጠብ ደላላው እንደሚበዛ ደግሞ እናውቃለን።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

በአገራችን የመሸበት መንገደኛ “የእግዜር እንግዳ” ነው፤ ማንነቱ ሳይጠየቅ ውኃ ቀርቦለት እግሩን ይታጠባል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ግን በሺህ የሚቆጠር ሰው በሚገባበት ካምፕ የአንድ ቤት ደግነት አይበቃም፤ አደረጃጀትም ያስፈልጋል። እኛ በትምህርት ቤታችን አቅም የሚከተለውን ማድረግ እንችላለን ብለን እናምናለን።

አዲስ ተማሪ ሲመጣ የሚቀበለው ሰው የታወቀ ይሁን። “የሁሉም ሥራ ነው” ከተባለ የማንም ሥራ አይሆንም። በየሳምንቱ አንድ አስተማሪና ሁለት ተማሪዎች ተራ ይያዙ። ቋንቋውን የሚያውቅ ተማሪ ይመደብለት። መማሪያ ክፍሉን፣ ውኃውን፣ መጸዳጃውን፣ ክሊኒኩን ያሳዩት። ተማሪ ወደ ሌላ ካምፕ ሲዛወርም ውጤቱን ብቻ ሰጥተን አንሸኘው። እዚያ ላለ አስተማሪ ደብዳቤ ወይም ስልክ ይቅደመው።

ለወጣቶች ደግሞ አንድ ምክር አለን። “ታህሪብ” እያሉ የሚያግባቡ ሰዎች መጀመሪያ ደግ ይመስላሉ። ከእውነተኛ ረዳት የምትለዩባቸው ምልክቶች አሉ። እውነተኛ ረዳት ስሙንና መሥሪያ ቤቱን ይናገራል፣ ሰው በሚያየው ቦታ ይሠራል፣ ከቤተሰብ ጋር እንድትመክሩ ጊዜ ይሰጣል። ደላላው “አሁኑኑ ወስኑ፣ ለማንም አትንገሩ፣ ስልክና ወረቀታችሁን ለእኔ ስጡ፣ ክፍያው በኋላ ነው” ይላል። “በኋላ” የተባለው ክፍያ ስንት ቤተሰብ እንዳራቆተ እዚህ የማያውቅ የለም። የአንድ ዘመድና የአንድ የታመነ ሰው ስልክ ቁጥር ደግሞ በቃላችሁ ያዙ፤ ስልክ ይጠፋል፣ በቃል የተያዘ ቁጥር ግን ማንም አይቀማችሁም።

የውይይት ጥያቄዎች (ለክፍል)

1. የሙላንፊ ኑዛዜ ሥራ ላይ ለመዋል ብዙ ዓመታት የፈጀው ለምንድን ነው? በዚያ መካከል ምን ተለወጠ?
2. “ሰውን መሸኘት እና ሰውን ማስወገድ” ልዩነታቸው ምንድን ነው? ከምታውቁት ምሳሌ ስጡ።
3. የጣቢያዋ ሠራተኛ ከምትሠራቸው አምስት ነገሮች በትምህርት ቤታችን የጎደለው የትኛው ነው? ማን ይጀምረው?
4. በቡድን ሆናችሁ፣ አዲስ ለሚገባ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ሊነገሩት የሚገቡ ስድስት ነገሮችን ጻፉ። የጻፋችሁትን በክፍላችሁ በር ላይ ለጥፉት፤ ሊሆን ከቻለ በሁለት ቋንቋ ይሁን።